ቡቺ ሲያጉረመርምብኝ፦ መጀመሪያ እጅን መሰብሰብ

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዕለት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ያልሸተተበት ቤት በአንድ ሌሊት ዶሮና በግ ሸተተ። ሳሎኑ በዘመድ ሞልቷል። ቡቺ የበግ አጥንት ይዞ ሶፋው ሥር ገብቷል። ማን እንደሰጠው እስካሁን አላወቅንም። አጥንቱ እንዳያንቀው ብዬ ተንበረከክሁና እጄን ሰደድሁ።

«እርርርር» አለኝ።

ቡቺ ስድስት ኪሎ የማይሞላ ነጭ ውሻ ነው። ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ከእጄ እየበላ፣ እግሬ ሥር እየተኛ ነው ያደገው። ድምፁን ስሰማ ከመፍራቴ በፊት ከፋኝ። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ያጎረሰ እጅ ተነካሽ ነው ማለት ይኼው ነው» አለች። አጎቴ ደግሞ «አንድ ጊዜ በጥፊ በዪው፤ ዛሬ ካልቀጣሽው ነገ ይነክስሻል» አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። አፍንጫውን መታሁት፤ አጥንቱንም ነጠቅሁት። ዝም አለ።

በዚያ ሳምንት ውሻ ያሠለጥናል የሚባል አንድ የሰፈር ልጅ አማከርሁ። «አለቃው ማን እንደሆነ ረስቷል። ባጉረመረመ ቁጥር በጀርባው አስተኝተሽ እጁን እስኪሰጥ ያዢው» አለኝ። አደረግሁት። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይሆናል። እውነትም ማጉረምረሙን ተወ። ተሳካልኝ ብዬ ለእናቴ ነገርኋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሶፋው ላይ የተኛበትን ፎጣ ልስብ ስል አውራ ጣቴን ነከሰኝ። ምንም ድምፅ አላሰማም፤ ጥርሱንም አላሳየም። ደም ወጣኝ።

ያጉረመርም የነበረው ውሻ ለምን ዝም ብሎ ነከሰ? መልሱን ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል። እናንተ ያን ያህል እንዳትደክሙ ነው የምጽፈው።

ማጉረምረም ምን ማለት ነው

ውሻ ሲያጉረመርም «አልተመቸኝም፣ ራቅ በል» እያለ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚለው መንከስ ስለማይፈልግ ነው። መንከስ ብቻ የፈለገ ውሻ ማስጠንቀቂያ መስጠት አያስፈልገውም። እኔ መትቼ ያቆምሁት ድምፁን ብቻ ነበር። ያጉረመረመበት ፍርሃት፣ ሕመም ወይም ሥጋት እንዳለ ነው። ጋዝ ሲሸት አፍንጫ ይዞ እንደመቀመጥ ነው፤ ሲሊንደሩን ማን ዘጋው?

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ለጠባይ ችግር ውሻቸውን ወደ ክሊኒካቸው ያመጡ 140 ባለቤቶችን ጠይቀው ነበር። ውሻቸውን ከመቱ ወይም ከረገጡ ባለቤቶች መካከል 43 በመቶው፣ የያዘውን ነገር ከአፉ በግድ ካስለቀቁት 39 በመቶው፣ በጀርባው አስተኝተው ከያዙት 31 በመቶው ውሻው ብሶበት እንደተተናኮላቸው ተናግረዋል። ሦስቱንም አድርጌያለሁና ቁጥሩን ሳነብ ዘገነነኝ።

«አለቃነትህን አሳየው» የሚለው ምክር ተለያይተው ካደጉ በኋላ በአንድ አጥር ውስጥ ከታጎሩ ተኩላዎች የተወሰደ ነው። ለተኩላ ጥናት ዕድሜውን የሰጠው ዴቪድ ሜክ በ1999 የዱር ተኩላ መንጋ ባብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ መሆኑን ጽፏል። ቡቺም ቤቴን ሊወርስ አልተነሣም። አጥንቱን ሊቀሙት እንደሆነ ነው የገባው፤ ደግሞም ተቀማ።

አንድ ነገር ልለይ። ገመድ ስትጓተቱ ወይም ኳስ ስትጫወቱ የሚያሰማው ማጉረምረም ሌላ ነው። ያኔ ሰውነቱ ይላላል፣ ይዘላል፣ ወገቡን እያወዛወዘ ተመልሶ ይመጣል። እኔ የማወራው ሰውነቱ ድርቅ ብሎ ስለሚወጣው ድምፅ ነው።

በዚያች ቅጽበት

እጃችሁን ሰብስቡ። ዓይን ዓይኑን አትዩት። ሰውነታችሁን ወደ ጎን አዙሩና ቀስ ብላችሁ አንድ ሁለት እርምጃ ራቁ። አትጩኹ፣ ስሙንም እየደጋገማችሁ አትጥሩ። «እንግዲህ ካሸነፈኝ ሁልጊዜ ሊያደርገው ነው» ብላችሁ አትጨነቁ። ከዚያ የሚማረው በድምፁ ብቻ እንደሚሰማ ነው። መንከስ ያላስፈለገው ውሻ ለሁላችሁም ይሻላል።

የያዘው ነገር አደገኛ ከሆነስ? የበሰለ አጥንት፣ ክኒን፣ የልብስ ስፌት መርፌ ሊሆን ይችላል። አትጎትቱት። የሚወደውን ምግብ ከእሱ ራቅ አድርጋችሁ በትኑ። አንድ ቁራጭ ብቻ አይበቃም፤ አምስት ስድስት ይሁን። ለቅሞ እስኪጨርስ በር ዝጉበት፤ ያን ጊዜ ዕቃውን አንሡ። እያየ ከአፍንጫው ሥር ብታነሡት ግን የሚቀጥለውን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል።

ደብተር

የጣቴ ቁስል ሲሽር አንዲት ትንሽ ደብተር ገዛሁ። መምታቱን ስተው ማጉረምረሙ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ባጉረመረመ ቁጥር የት እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ማን እንደቀረበው፣ የት ቦታ እንደተነካ ጻፍሁ። በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ሆነ። አምስቱ በምግብና በያዘው ዕቃ ነው። ሦስቱ ከመሬት ሳነሣው ነው። አንዱ ሌሊት ተኝቶ ሳለ በእግሬ ስነካው ነው።

ከዚያ በፊት «ቡቺ ጠባዩ ተበላሽቷል» ነበር የምለው። ደብተሩን ሳየው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። ምንም ዓይነት ሥልጠና ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉ።

ሳነሣው የሚያጉረመርመው

መኖሪያችን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቡቺ ከፊቴ ደረጃውን ሲወጣ ልብ ብዬ አየሁት። አራት አምስት ደረጃ ደህና ይወጣል። ከዚያ የቀኝ የኋላ እግሩን ያጥፍና ሁለት ደረጃ በሦስት እግሩ ይዘላል። አንድ ጊዜ እግሩን ወደ ኋላ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ በአራቱም ይቀጥላል። ስንት ወር «አይ ቡቺ፣ እንዴት ነው የሚጨፍረው!» እያልሁ ስቄበታለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ እግሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው አውራ ጣቱ ጉልበቱን ገፋ አደረገው። የጉልበቱ ሎሚ ወደ ውስጥ ሲንሸራተት በዓይኔ አየሁት። ቡቺ አንገቱን አዙሮ «እርርር» አለ። ሐኪሙ ወዲያው ለቀቀው። «ልክ ነህ፣ ያማል» አለው። እኔ ያን ቃል አንድም ቀን ብዬው አላውቅም ነበር።

የጉልበት ሎሚ መውጣት በትናንሽ ውሾች ላይ በጣም የተለመደ ችግር ነው። እኔ ደግሞ ሳነሣው አንድ እጄን ከሆዱ ሥር አስገብቼ እግሮቹን አንጠልጥዬ ነበር። የጥርስ ሕመምም ትናንሾቹን ያጠቃል። አፋቸው ጠባብ ስለሆነ ጥርሳቸው ይደራረባል፣ ቆሻሻ ይይዛል። ከጆሮ፣ ከወገብ፣ ከቆዳ ሕመም የተነሣም ያጉረመርማሉ። በተለይ ድሮ የማያጉረመርም ውሻ በድንገት ከጀመረ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ያመመውን ውሻ ማሠልጠን ግፍ ነው።

ሐኪሙ ክብደቱ እንዳይጨምር፣ ከሶፋ እንዳይዘል፣ የሚያንሸራትተው ወለል ላይ ምንጣፍ እንድናነጥፍ ነገረን። የሕመም ማስታገሻም አዘዘለት። አደራ፣ ቤት ውስጥ ያለውን የሰው ማስታገሻ ለውሻ አትስጡ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራቸውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊታቸውን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ይመርዛቸዋል።

አነሣሤንም ቀየርሁ። አሁን መጀመሪያ ከጎኑ ቁጭ እላለሁ። «ላንሣህ?» እለዋለሁ። ወደ እኔ ከመጣ አንድ እጄን ከደረቱ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አድርጌ ሰውነቴ ላይ አስጠግቼ አነሣዋለሁ። ፊቱን ካዞረ እተወዋለሁ። መጀመሪያ ላይ «ላንሣህ?» ብዬ ሳልነካው ቁራጭ ሥጋ እሰጠው ነበር። ከዚያ ደረቱን ብቻ ነክቼ ሰጠሁት። ከዚያ ከመሬት አንድ ስንዝር አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁና ሰጠሁት። አሥር ቀን ገደማ ወሰደብን። ዛሬ «ላንሣህ?» ስለው የፊት እግሮቹን ጉልበቴ ላይ ይጭናል።

ትንሽ ውሻ ስለሆነ ብቻ ሰው ሁሉ እንደ አሻንጉሊት ብድግ ያደርገዋል። ጎረቤት፣ እንግዳ፣ ልጅ ሁሉ። ትልቅ ውሻ ቢሆን ማንም አይደፍረውም ነበር። አንድ ቀን ስንት ጊዜ ሳይፈልግ ከመሬት እንደሚነሣ ቁጠሩለት።

ምግብና ዕቃ ይዞ የሚያጉረመርመው

ይኼኛው ይረዝማል፤ ግን የሚያስደስተውም ይኼ ነው።

መጀመሪያ አጥንቱን ከቤታችን አስወጣሁት። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ወጥ የነካው አጥንት ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ሁለቱም የውሻን ደም ይጎዳሉ። ደግሞ አስቡት። ጾሙን ሙሉ ሥጋ ሳያይ ከርሞ በዓል ሲመጣ አንዲት አጥንት ያገኘ ውሻ፣ ያቺን አጥንት ቢጠብቃት ምን ይፈረድበታል? አሁን ጾምም ሆነ ፍስክ የቡቺ ምግብ ያው ነው፤ በየቀኑ በሁለት ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ፣ ማንም በማያልፍበት ጥግ ይበላል። ረሃብና ግርግር መቀነሱ ብቻ ግማሹን ነገር አቀለለልን።

ከዚያ ሰውነቱን ማንበብ ተማርሁ። ሳህኑ ላይ እያለ ከሩቅ ቆሜ አየሁት። ስቀርብ መጀመሪያ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው፤ ቶሎ ቶሎ መዋጥ ይጀምራል። ቀጥሎ አንገቱ ወደ ሳህኑ ዝቅ ይልና ይቆማል። ማኘኩን ያቆማል። ጆሮው ወደ ኋላ ይለጠፋል። ራሱን ሳያዞር በዓይኑ ጥግ ሲያየኝ የዓይኑ ነጭ እንደ ጨረቃ ግማሽ ይወጣል። ከንፈሩን ይልሳል። «እርርር» የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ እኮ ድንገት የሚያጉረመርም ይመስለኝ ነበር! ስድስት ጊዜ ነግሮኝ ሰባተኛው ላይ ነው ድምፁን ያወጣው።

የእናንተ ሥራ መጀመሪያ ምልክቱ የሚጀምርበትን ርቀት ማወቅ ነው። የቡቺ አራት እርምጃ ነበር። ስለዚህ በአምስት እርምጃ ጀመርሁ።

ከሥጋ ቤት ቀይ ሥጋ ወይም ጥቂት ጉበት እገዛለሁ። ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም ቀቅዬ ሽንብራ ሽንብራ እንዲያህል አድርጌ እከትፈዋለሁ። ጉበት ሲበዛ ጥሩ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ግን ትንሽ ትበቃለች። ሥጋ ቤቱ በጾም ሲዘጋ የተቀቀለ እንቁላል እጠቀማለሁ። ቡቺ የዘወትር ምግቡን ሲበላ በአምስት እርምጃ ርቀት አልፋለሁ። አንዲት ቁራጭ ወደ ሳህኑ እወረውርለታለሁ። ሳልቆም መንገዴን እሄዳለሁ። በቃ። በአንድ መዓድ ሦስት ወይም አራት ጊዜ።

ከአራት ቀን በኋላ ስመጣ ቀና ብሎ ያየኝ ጀመር። ሰውነቱ ላልቶ፣ ጭራው እየተወዛወዘ። «የጉበቷ ሴትዮ መጣች» የሚል ይመስላል። ያን ጊዜ ወደ አራት እርምጃ ቀረብሁ። ቀና ማለቱን ሳላይ አልቀርብም። አንድ ቀን ቸኩዬ ከሦስት ወደ አንድ ገባሁና ድርቅ አለብኝ። ወደ አራት ተመለስሁ። በስድስተኛው ሳምንት ሳህኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ከእጄ ጨመርሁለት። ሳህኑን ግን አልወስድበትም። በየቀኑ እጅን ምግቡ ውስጥ እየከተቱ «ላለምደው» የሚሉ አሉ። አታድርጉት። እናንተስ እንጀራ ስትበሉ ሰው እየመጣ እጁን መሶባችሁ ውስጥ ቢከት?

ለዕቃ ደግሞ «ልቀቅ» የሚለውን ቃል አስተማርሁት። ብዙ ከማይወደው ነገር ነው የተጀመረው፤ ከአሮጌ ካልሲ። ካልሲው አፉ ውስጥ እያለ ሥጋውን አፍንጫው ሥር አቀርባለሁ። ሲለቅ «ልቀቅ» እልና እሰጠዋለሁ። ካልሲውን ደግሞ መልሼ እሰጠዋለሁ። ዋናው ነገር ይህ መመለሱ ነው። የለቀቀው ነገር ከዐሥር ጊዜ ዘጠኙን ተመልሶ ሲመጣለት፣ በዐሥረኛው የእማዬን መነጽር ስወስድበት አይጨነቅም።

ሶፋና አልጋ

ሶፋ ላይ የሚያጉረመርመውን አትጎትቱት፣ በአንገት ማሰሪያውም አትያዙት። መሬት ላይ ቁራጭ ጣሉና «ውረድ» በሉት፤ ሲወርድ አመስግኑት። ጉልበቱ እንደ ቡቺ ካመመው የሚረግጠው ዝቅ ያለ ነገር አድርጉለት። ተኝቶ ሲነካ የሚያጉረመርመውን ደግሞ ከሩቅ በስሙ ጠርታችሁ አንቁት። እኛ ሌሊት በእግሬ እንዳልነካው መኝታውን ከአልጋዬ አውርጄ አጠገቤ ምንጣፍ ላይ አደረግሁለት። ችግሩ በዚያው አለቀ።

የቤቱ ሰው ሁሉ

በጣም የከበደኝ ቡቺን ማስተማር አይደለም። እናቴን ማሳመን ነበር። እሷ ባጉረመረመ ቁጥር ነጠላ ጫማዋን ታነሣለች። ደብተሩን አሳየኋት፤ ሐኪሙ ያለውን ነገርኋት። «አሞት ኖሯል እንዴ?» አለችና ጫማዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ከእኔ የበለጠ የምትቆጣጠረው እሷ ሆነች። አንዱ እየመታ ሌላው ቢያባብል ውሻው ማንንም አያምንም።

የወንድሜ ልጅ አራት ዓመቱ ነው። ለእሱ ሦስት ነገር አስተምረነዋል፦ ቡቺ ሲበላ አይቀርብም፣ ሲተኛ አይነካም፣ አቅፎ አይጨምቀውም። ይህን ስላወቀ ብለን ግን ሁለቱን ብቻቸውን አንተዋቸውም። የሕፃን ፊት ከትንሽ ውሻ አፍ ጋር እኩል ነው። በዓል ሲሆንና እንግዳ ሲበዛ ቡቺ ከምግቡ ጋር መኝታ ቤት ይገባል፤ በሩ ይዘጋል። ቅጣት አይደለም፤ ሰላም እንዲያገኝ ነው።

ከነከሰ

የቤት ውሻ ቢሆንም፣ ቢከተብም፣ ጥርሱ ቆዳ ከበጣ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት እያያችሁ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። እባካችሁ በባህል መድኃኒት ቀን አታሳልፉ። ውሻውንም በንዴት አትግደሉት፤ ለብቻው ዘግታችሁ 10 ቀን ይታይ፣ ለሐኪምም አሳውቁ። ሕክምናውን ግን 10ሩ ቀን እስኪያልፍ ብላችሁ አታቆዩት፤ የጤና ባለሙያው ያላችሁን አድርጉ።

ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ ወይም እግሩ የሚሰንፍ ውሻ የሥልጠና ጉዳይ አይደለም። አትንኩት። በር ዘግታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ቡቺ በየዓመቱ ይከተባል፤ እኔም ያን ጊዜ ጣቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ።

ከማጉረምረም አልፎ ደጋግሞ የሚነክስ ከሆነ፣ ወይም ደብተሩ ምንም ምክንያት ካላሳያችሁ፣ ብቻችሁን አትታገሉ። የእንስሳት ሐኪማችሁን አማክሩ። «ልስበረው» የሚል አሠልጣኝ ከመጣ ግን ሸኙት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ከውጭ ስንገባ ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። «ላንሣህ?» አልሁት፤ መጣ። ገና ከመሬት ሳላላቅቀው «እርር» አለ፣ በቀስታ። መልሼ አስቀመጥሁት። ደረጃው ላይ አብሬው ቁጭ አልሁ። የኮሪደሩ መብራት ስለጠፋ በስልኬ አበራሁ። የቀኝ እግሩን አንጠልጥሏል፤ ጉልበቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ሎሚዋ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ እግሩን ወደ ኋላ ዘረጋው። ከዚያ እጄን ላሰና የፊት እግሮቹን ጉልበቴ ላይ ጫነ። ማክሰኞ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ይዘናል።